የማኅበራችሁን ራእይ ከአባላት አፍ ማውጣት፦ የጥንካሬ ቃለ መጠይቅ ደረጃ በደረጃ

ከመርዓዊ እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው መንገድ የየትኛውንም ማኅበር ቢሮ በር ብትከፍቱ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ራእይ አታጡም። «ተመራጭና ተወዳዳሪ ሆኖ ማየት» ይላል። የሚያየው ማን እንደሆነ አይናገርም። ግቢው ውስጥ በቆሎ እያስመዘነ ያለውን አባል «የማኅበራችሁ ራእይ ምንድን ነው?» ብትሉት ደግሞ ወደ ግድግዳው ያያል።

ይህን ለመቀየር ብዙዎች የጥንካሬ ቃለ መጠይቅ፣ ማለትም አባላት ማኅበሩ በደንብ የሠራበትን ቀን እንዲተርኩ አድርጎ ራእዩን ከዚያ የማውጣት ዘዴ፣ ይጀምሩና ሁለት ቦታ ላይ ይወድቃሉ። መጀመሪያ፣ ታሪክ መስማት ሲገባቸው አስተያየት ሰብስበው ይመለሳሉ። ቀጥሎ፣ የተሰበሰበውን ወረቀት አንድ ሰው ማታ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ወደ «ተመራጭና ተወዳዳሪ» ይቀይረዋል። መመሪያው በእነዚህ ሁለቱ ላይ ይበረታል። የጻፍኩት የገበሬዎች ሁለገብ ኅብረት ሥራ ማኅበርን አስቤ ነው። ቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያም ጥያቄዎቹን ለራሱ አስተካክሎ ሊጠቀምበት ይችላል።

ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1987 ዴቪድ ኩፐርራይደርና ሱሬሽ ስሪቫስትቫ ካሳተሙት ጽሑፍ የመጣ ነው። አራት እርከን አለው፤ የሠራውን ማግኘት፣ የሚመኙትን ማለም፣ መንደፍ፣ መፈጸም። ከዚህ በላይ ታሪኩን ማወቅ ለሥራችሁ አይጨምርም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ጨርሶ የማይጀመርበት ጊዜ

ከሦስቱ አንዱ ካለ አትጀምሩ፦

- ገንዘብ ጎድሎ ኦዲቱ ካልተዘጋ። አባል ብሩን እየጠየቀ እናንተ «የደስታ ቀንዎን ያጫውቱኝ» ብትሉት ስድብ ነው።
- በአመራሩ መካከል ያልታረቀ ጠብ ካለ። ቃለ መጠይቁ የወገን ምስክር መሰብሰቢያ ይሆናል። መጀመሪያ ሽማግሌ ይግባበት።
- ራእዩ ከላይ ተጽፎ ከመጣ። ያለቀ ነገር ላይ ሰው አታድክሙ።

ደረጃ 1፦ ጉዳዩን ገልብጡ

የሥራ አመራር ኮሚቴው ያለበትን ችግር በአንድ ወረቀት ላይ ይዘርዝር። ከዚያ እያንዳንዱን ችግር «ይህ ነገር ሳይኖር የዋለበት ቀን ምን ይመስል ነበር?» ብላችሁ ገልብጡት።

- «አባላት ምርታቸውን ለነጋዴ እየሰጡ አስቸገሩ» የሚለው «አባል ምርቱን ወደ ማኅበሩ ለማምጣት የቸኮለባቸው ጊዜያት» ይሁን።
- «ብድር አይመለስም» የሚለው «ብድር ያለ ጎትጓች የተመለሰባቸው ጊዜያት» ይሁን።
- «ሴቶች ስብሰባ ላይ አይናገሩም» የሚለው «የአንዲት ሴት አባል ሐሳብ ውሳኔ ያስቀየረባቸው ጊዜያት» ይሁን።

ሁለት ጉዳይ ይበቃል፤ ሦስት ከሆነ በዛ። «መልካም አስተዳደር» ወይም «የላቀ አገልግሎት» የሚል ጉዳይ ከጻፋችሁ ቅደዱት። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅ ሰው መልሱን ከስብሰባ አዳራሽ ተምሮታል፤ የተማረውን ይመልስላችኋል።

ደረጃ 2፦ ጠያቂዎችን ምረጡ

ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል። ሁለት ሁለት እያላችሁ አጣምሯቸው፤ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ይጻፍ። ጥሩ ሆኖ ያገኘሁት ጥምረት አንድ የተከበረ አዋቂና 12ኛ ክፍል ጨርሶ ሰፈር ያለ ወጣት ነው። አዋቂው ያስወራል፤ ወጣቱ እጁ አይደክምም። እያንዳንዱ ጥንድ ከ8 እስከ 10 ሰው ካነጋገረ ከ32 ያላነሰ ታሪክ ይኖራችኋል።

እነዚህን አትምረጡ፦ ሊቀመንበሩን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ የመጋዘን ኃላፊውን፣ ብድር የሚያስመልሰውን። ባለዕዳ አባል ብድር አስመላሹ ደብተር ይዞ ደጁ ሲቆም ሌላ ነገር ነው የሚታየው። ካህንም ለዚህ ሥራ ባይሆን ይሻላል። ሰው ለንስሐ አባቱ የሚነግረው ሌላ ነው፤ በመጨረሻም ቃለ መጠይቁ ቡራኬ ሆኖ ያልቃል።

ሴት አባላትን ሴቶች ያነጋግሩ። ባል አጠገብ ከተቀመጠ መልሱን እሱ ይመልሳል።

ለጠያቂዎቹ ግማሽ ቀን ስጡ። ስለ ዘዴው ንግግር አታድርጉ፤ እርስ በርስ በእውነት ይጠያየቁ። ራሱ ታሪኩን ተናግሮ የማያውቅ ሰው የሌላውን ማስወራት አይችልም።

ደረጃ 3፦ ቀኑን ቁረጡ

ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይመቻል፤ ውቂያ አልቋል፣ እርሻው ገና አልከበደም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ አትሞክሩ። ቆጋ አካባቢ ያላችሁ መስኖ ስላለባችሁ በበጋም የውኃ ተራውን አይታችሁ ቅጠሩ፤ ውኃ የደረሰው ሰው ታሪክ አያወራም።

በዐቢይ ጾም ጠዋት አነጋግሩ። ከሰዓት በኋላ የጾመ ሰው መልሱ ያጥራል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ ገበሬው ስለማያርስ ጥሩ ቀን ነው፤ ግን ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ይሁን። የገበያ ቀን ደግሞ ሰው ሁሉ በእጃችሁ ያለ ይመስላችኋል፤ አትታለሉ፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው።

ደረጃ 4፦ ጥያቄዎቹን አዘጋጁ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቀሪው ሁሉ በዚህ ይቆማል፣ በዚህ ይወድቃል።

መጀመሪያ የወረቀቱን ስም አስተካክሉ። እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ «የጠንካራ ጎን መጠይቅ» ብዬ አትሜ ሰጠሁ። የተመለሱልኝ ወረቀቶች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበሩ፤ «አመራሩ ጠንካራ ነው፤ በደካማ ጎን የግንዛቤ እጥረት አለ።» ሰዎቹ ግምገማ መስሏቸው ነበር፤ ለግምገማ የሚሰጠውን መልስ ሰጡ። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ «ጠንካራ ጎን»፣ «ደካማ ጎን»፣ «ግምገማ»፣ «መጠይቅ» የሚሉ ቃላት ወረቀቱ ላይ እንዲገቡ አልፈቅድም። «የጨዋታ ወረቀት» ነው የምለው።

ሁለተኛው መሰናክል ጨዋነት ነው። እኛ ዘንድ ራስን ማወደስ ነውር ነው። «በማኅበሩ ውስጥ ያበረከቱት ምንድን ነው?» ብትሉ «ኧረ እኔ ምን አውቄ» ይሏችኋል። ስለዚህ ሰውየውን ስለ ራሱ አትጠይቁት፤ ስለ አንድ ቀን ጠይቁት፤ እሱ በዚያ ቀን ውስጥ መኖሩ አይቀርም።

አራት ጥያቄ ይበቃል። በገጠር ለትልቅ ሰው «አንቱ» በሉ፤ «እርስዎ» ከወረዳ የመጣ ሰው ያስመስላችኋል።

1. የቀኑ ጥያቄ። «ከማኅበሩ ጋር በኖሩበት ዘመን ‹ዛሬስ ማኅበር አለን› ያሉበት አንድ ቀን ይኖራል። ያን ቀን ከመጀመሪያው ያጫውቱኝ።»
2. የሰው ጥያቄ። «በዚያ ቀን እነማን ነበሩ? ማን ምን አደረገ? አንቱስ የት ነበሩ?»
3. የሥር ጥያቄ። «ያ ነገር ያለ ምክንያት አልሆነም። ከዚያ በፊት ምን ተደርጎ ነው ሰው እንዲያ የሆነ?»
4. የምኞት ጥያቄ። «የዛሬ አምስት ዓመት ልጅዎ እህል ጭኖ ወደ ማኅበሩ ግቢ ሲገባ ምን እንዲያይ፣ ምን እንዲሰማ ይፈልጋሉ?»

ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ። ምኞት ቀድማችሁ ከጠየቃችሁ ትራክተር፣ ወፍጮ፣ አስፋልት ይመጣል። ከታሪኩ በኋላ ስትጠይቁ ግን ሰውየው ያየውን መልካም ነገር አብዝቶ ይመኛል። ራእይ የሚሆነው ይህኛው ነው።

ወረቀቱን በሁለት ሰው ላይ ሞክሩት። አንዱ እንኳ «አዎ ጥሩ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ከጨረሰ ጥያቄው ገና አልበሰለም።

ደረጃ 5፦ ቃለ መጠይቁን አካሂዱ

ለአንድ ሰው 50 ደቂቃ ያዙ፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ለመጀመሪያው ጥያቄ ይሁን።

ሀ. ለምን እንደመጣችሁ በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። የመሬት ልኬት፣ የግብር ወይም የብድር ጉዳይ እንዳልሆነ በግልጽ በሉ። ካልነገራችሁት እስከ መጨረሻው ያንን እያሰበ ነው የሚመልስላችሁ።

ለ. ድምፅ መቅጃ አታውጡ። ስሙ እንዲጻፍ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁ፤ አይሆንም ካለ ቀበሌውን እንኳ አትጻፉ።

ሐ. የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቃችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ይረዝማል፤ ያስጨንቃችኋል። አትሙሉት። ሰውየው ቀኑን እየፈለገ ነው።

መ. ሲጀምር በአጫጭሩ ግፉት፦ «ከዚያስ?»፣ «መጀመሪያ ማን ተናገረ?»፣ «ሰዓቱ ስንት ነበር?»፣ «በዓይንዎ ያዩት ምን ነበር?»። «ለምን?» የሚለውን ለሦስተኛው ጥያቄ አቆዩት፤ ቀድሞ ከመጣ ምርመራ ይመስላል።

ሠ. ቀን፣ ቦታና ሰው እስኪገኝ ወደ ሁለተኛው አትለፉ። ሦስቱ የሌሉበት ነገር አስተያየት ነው።

ረ. አመስግናችሁ ስትነሡ መቼ ተመልሳችሁ ውጤቱን እንደምትነግሩት ንገሩት። ቀኑን ጻፉ።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል

*«ሁሉም ጥሩ ነው» ካለ፦* «ከጥሩዎቹ አንዱን ይምረጡልኝ» በሉ። ካልሆነ «መጋዘኑ ሲሠራ ነበሩ?» ብላችሁ አንድ የታወቀ ቀን አንሡለት።

*ሊቀመንበሩን ብቻ የሚያወድስ ከሆነ፦* «እሳቸው ብቻቸውን ነበሩ? ማን አገዛቸው?» በሉ።

*ቅሬታ ከጀመረ፦* አትቁረጡት፤ አትከራከሩት። አምስት ደቂቃ አድምጡና ጻፉት። ከዚያ «ይህ እንዲህ ሳይሆን የዋለበት ቀን ያስታውሳሉ?» በሉ። ካስታወሰ ታሪካችሁ ያ ነው፤ ካላስታወሰ «ምን ቢሆን ነበር የሚወዱት?» በሉና ወደ አራተኛው እለፉ። የተጻፈውን ቅሬታ ለብቻው አስቀምጡ፤ ለቁጥጥር ኮሚቴው የሚደርስ ነገር ካለ ይድረስ። በጎ በጎውን ብቻ ይዞ ቅሬታውን የሚጥል ጠያቂ በሳምንት ውስጥ ስሙ ይጠፋል።

*በቅኔ ከመለሰላችሁ፦* የዋሸራና የዲማ አገር ነው፤ ይጠበቃል። ቃል በቃል ጻፉትና «ሰሙን ይዣለሁ፤ ወርቁን ያብራሩልኝ» በሉ። ሳታስፈቱ ይዛችሁት ከሄዳችሁ በኋላ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ይፈታዋል።

*ጎረቤት ተሰብስቦ ካዳመጠ፦* ሰውየው ለአዳማጩ መናገር ይጀምራል። «ከብቶቹን እያየን እንሂድ» ብላችሁ ውጡ። እየተራመዱ ማውራት ይቀላል።

*ጠላ ከቀረበ፦* ቅመሱ፤ እምቢ ማለት በሩን ይዘጋል። አረቄው ግን ከአራተኛው ጥያቄ በኋላ ይሁን። ቡና ከተፈላ ምኞትን ለሁለተኛው ስኒ አቆዩት።

ደረጃ 6፦ በዚያው ቀን ጻፉ

ለአንድ ታሪክ አንድ ገጽ። አራት ነገር ይኑረው፦ ተናጋሪው ከተናገረው የተወሰደ ርእስ፣ ከ10 መስመር ያልበለጠ ታሪክ፣ ቃል በቃል የተያዘ አንድ ንግግር፣ «ይህን ያስቻለው» የሚል አንድ መስመር። «የኅብረተሰብ ተሳትፎ አደገ» ዓይነት ቋንቋ ከገባ ሰርዙ። ለነገ ያደረ ወረቀት የተናጋሪው ድምፅ ይጠፋበታል፤ የጸሐፊው ይቀራል።

ለማሳያ አንድ እንዲህ ያለ ገጽ እናስብ። ርእሱ «ሳንጠራ የወጣን ሌሊት» ነው። የማኅበሩ በቆሎ ግቢ ላይ ተከምሮ ሳለ ያልታሰበ ዝናብ ሌሊት መጣ። ከመጋዘኑ ጀርባ ያለች ሴት ጮኸች። ሰው ሸራና ማዳበርያ ጆንያ እየያዘ ወጣ። ያስቻለው ምን ነበር? በዚያ ሳምንት የትርፍ ክፍፍሉ በአደባባይ ተነቦ ተከፍሎ ስለነበር ሰው በቆሎውን የራሱ አድርጎ ቆጥሮታል። ይህን ታሪክ ያዙት፤ እስከ መጨረሻው አብሮን ይሄዳል።

ደረጃ 7፦ ታሪኮቹን አንድ ላይ ስሙ

ከ30 እስከ 40 ሰው ለአንድ ሙሉ ቀን ሰብስቡ። መንገድ የሚዘጋጋበት ጊዜ ከሆነ በየቀበሌው ከፋፍላችሁ ግማሽ ግማሽ ቀን አድርጉት፤ ትልቁን ስብሰባ እየጠበቃችሁ ወራት አታሳልፉ።

1. በስድስት በስድስት ክብ አስቀምጡ። ኮሚቴውን በየክቡ በትኑት፤ አንድ ቦታ ከተቀመጠ ሌላው ወደ እሱ እያየ ይናገራል።
2. ለየክቡ ከስድስት እስከ ስምንት ታሪክ ስጡ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ። ማንበብ የማይችል አባል አለ ብላችሁ አስቡ፤ ወረቀት አታዙሩ።
3. ከየታሪኩ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ይህን ያስቻለው ምን ነበር?» መልሱን በትልቅ ወረቀት ላይ በሥዕል ወይም በሁለት ቃል አስቀምጡ።
4. ከሰዓት በኋላ የክቦቹን መልስ አንድ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጉ።
5. ለእያንዳንዱ ሰው አምስት የባቄላ ፍሬ ስጡ። በየወረቀቱ ሥር ባዶ ጣሳ አስቀምጡ፤ ሰው ተራ በተራ እየሄደ ይጣል። እጅ በማውጣት አታስመርጡ፤ ሰው ሊቀመንበሩ ያወጣበትን እያየ ነው የሚያወጣ።

ፍሬ የበዛባቸው አራት ወይም አምስት ወረቀቶች ሥሮቻችሁ ናቸው። በማሳያችን «ሒሳብ በአደባባይ ሲነበብ» የሚለው ብዙ ባቄላ አግኝቷል እንበል።

ሁሉም ሥር እኩል ፍሬ ካገኘ ታሪኮቹ ደካማ ነበሩ ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 5 ተመልሳችሁ አሥር ሰው እንደገና አነጋግሩ። መራራ ነው፤ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ደካማ ታሪክን አያድነውም።

ደረጃ 8፦ ራእዩን ጻፉ

ሦስት ሰው ብቻ ይጻፍ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ ሥራ አስኪያጁ አይኑርበት። ሁለት ሰዓት ስጧቸው። ግዴታቸው ሁለት ነው፤ እያንዳንዱ ሐረግ ከየትኛው ታሪክ እንደመጣ መጠቆም፣ በ«ማየት» የሚያልቅ ዓረፍተ ነገር አለመጻፍ።

ማሳያችን እንዲህ ሊወጣ ይችላል፦ «በቆሎው ላይ ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ የሚነሣለት፤ አባል ሚዛኑን በዓይኑ አይቶ፣ ሒሳቡን በጆሮው ሰምቶ፣ ክፍያውን በዚያው ሳምንት ይዞ የሚገባበት ማኅበር።»

ከዚያ በሦስት መንገድ ፈትኑት፦

- የሌላ ማኅበር ስም አስገቡበት። ሳይጎረብጥ ከገባ የእናንተ አይደለም።
- ስብሰባው ላይ ላልነበረ አባል አንድ ጊዜ አንብቡለትና በራሱ ቃል እንዲመልስላችሁ አድርጉ። ግማሹ ከጠፋበት ረዝሟል።
- በእጃችሁ ያልሆነ ነገር እንዳለበት እዩ። ማዳበሪያ ከውጭ የሚገባ ነው፤ «ግንቦት ሳይወጣ በየቤቱ እናደርሳለን» ብትሉ መርከቡን እናንተ አታዙትም። ሚዛኑን ወደ አባሉ ማዞር ግን የዛሬ ሥራችሁ ነው።

ኮሚቴው «ትንሽ ከፍ ያለ ቋንቋ ይግባበት» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ባቄላው የወደቀበትን ወረቀት አምጥታችሁ ፊቱ ዘርጉ። ካልተስማማ ከፍ ያለውን ቋንቋ ለደብዳቤ ወረቀት ይጠቀምበት፤ ግድግዳው ላይ የአባላቱ ይሰቀል። እኔ በዚህ ነው የታረቅኩት፤ የተሻለ መላ ካላችሁ ተጠቀሙ።

ደረጃ 9፦ አጽድቁና ቃል አስገቡ

በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የማኅበሩ የመጨረሻ ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ራእዩንም እዚያው አቅርቡ። ከማንበባችሁ በፊት ሦስት ታሪኮችን ባለቤቶቹ ራሳቸው ቆመው ይናገሩ። ራእዩ ከዚያ በኋላ ይነበብ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ታሪኩ ማስጌጫ ይመስላል።

በዚያው ቀን ለእያንዳንዱ ሐረግ አንድ ሥራ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን መዝግቡ። «የሚዛኑ ማሳያ ወደ አባሉ ይዞራል፤ የመጋዘን ኃላፊው፤ እስከ ሚያዝያ 30።» «ሒሳብ በየሦስት ወሩ በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ ሒሳብ ሹሙ፤ መጀመሪያው በሰኔ።» ከአምስት በላይ አትመዝግቡ። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት እነዚህ አምስቱ በጀት ካላገኙ በወረቀት ይቀራሉ።

ጉባኤው ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ አታጽድቁ። ቀን ቁረጡና የመጡትን ሰዎች በየሰፈሩ ሦስቱን ታሪኮች እንዲያወሩ ላኳቸው፤ ሁለተኛው ጥሪ ላይ የሚመጣው ሰው ያኔ ይጨምራል።

ከስድስት ወር በኋላ

ከጠያቂዎቹ አራቱን ብቻ ወደ አሥር አባላት መልሱ። አንድ ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፦ «ካለፈው ወዲህ ‹ይሄማ ያልነው ነው› ያሉበት ቀን አለ?» ታሪክ ከመጣ በግድግዳው ራእይ ሥር ለጥፉት። ሦስት ሰው ብቻ ታሪክ ካለው ቃል የገቡትን አምስት ሰዎች ስም ይዛችሁ ወደ ኮሚቴው ግቡና የተመዘገበውን ቀን ተራ በተራ አንብቡ። ቃለ መጠይቁን ደግሞ እንደ አዲስ አትጀምሩ፤ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ለጨዋታ የሚቀመጠው የመጀመሪያው ጨዋታ የት እንደደረሰ ሲነገረው ነው።